ለሴት ልጃችሁ መጽሐፍ ስትመርጡ መሃሉን እዩ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ፣ ሙቀት ውስጥ ያላችሁ ጥላ ፈልጋችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን ኢንቦክስ ላይ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣብኛል። "ቲቸር፣ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች፣ ማንበብ ትወዳለች፤ ጠንካራ ሴት ያለችበት ልብ ወለድ ካለ ይጠቁሙኝ" የሚል ነው። አንዱ ለእህቱ ይጠይቃል፣ አንዷ ለራሷ፣ ሌላዋ ደግሞ ጅዳ ሆና አገር ቤት ለቀረች ታናሿ። ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ከምመልስ ሁላችሁም እንድታዩት እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። የመጽሐፎቹን ስም ወደ ታች ታገኛላችሁ። ከዚያ በፊት ግን "ጠንካራ ሴት" በምትለዋ ነገር ላይ ትንሽ እንነጋገር፤ ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እሷ ላይ ነውና።

ሚኤሶ ያስተማረ ሰው እንደሚያውቀው አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይቀመጣል። እቤቷ ኦሮምኛ የምታወራ፣ እቤቷ ሶማሊኛ የምታወራና እቤቷ አማርኛ የምታወራ ልጅ አንድ ዴስክ ይጋራሉ። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩና አንድ ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል እንዲህ የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ "ቤት ሄዳችሁ ስለ አንዲት ኃይለኛ ሴት የሚነገር ተረት ወይም ታሪክ ጠይቃችሁ ኑ።"

በማግስቱ፣ አያቷ ከአርሲ የሆነች አንዲት ልጅ የአኮ መኖዬን ተረት ይዛ መጣች። አኮ መኖዬ ወንዶችን የማይቻል ሥራ እያዘዘች ታስጨንቅ የነበረች ገዢ ናት። በመጨረሻ ወንዶቹ መክረው ጉድጓድ ቆፈሩ፣ በላዩ ቁርበት አነጠፉ፣ እሷም እቀመጣለሁ ስትል ገባችበት። የሶማሌዋ ልጅ የንግሥት አራዌሎን አመጣች፤ ያቺን ወንዶችን ታኮላሽ ነበር የምትባለዋን። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ደግሞ ዮዲት ጉዲትን፤ አክሱምን አጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች የምትባለዋን።

ሦስቱን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፍናቸው። አንድ ልጅ ከኋላ "ቲቸር፣ ሦስቱም አንድ ሴትዮ ናቸው እኮ!" አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ እውነቱን ነው። በብዙ ነገር የማይስማሙ ሦስት ቤቶች እዚህች ላይ ተስማምተዋል። ሴት ኃይል ከያዘች ታጠፋለች፣ መጨረሻዋም አያምርም።

ግን የሶማሌዋ ልጅ አልጨረሰችም ነበር። የአራዌሎ መቃብር ነው በሚባል የድንጋይ ክምር አጠገብ ወንድ ሲያልፍ ድንጋይ ይወረውራል፣ ሴት ስታልፍ ግን እርጥብ ቅጠል ታኖራለች ይባላል አለችን። ክፍሉ ፀጥ አለ። እስቲ አስቡት፤ ታሪኩ ያው አንድ ነው፣ ሴቶቹ ግን ሲሰሙት የኖሩት ሌላ ቦታ ቆመው ነው። ወንዱ መጨረሻውን ሰምቶ ድንጋዩን ያነሳል። ሴቷ ከመጨረሻው በፊት የነበረውን ሰምታ ቅጠሏን ትቆርጣለች።

ሁላችሁም የምታውቁት ሌላም አለ፤ የአንበሳው ፀጉር። ባሏ ፊት የነሳት ሴት መላ ፍለጋ አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች። "ከአንበሳ ፀጉር ነቅለሽ አምጪ" ትባላለች። ሥጋ እየወረወረች፣ ዛሬ ከሩቅ፣ ነገ ቀረብ ብላ፣ አንበሳውን አለማምዳ ፀጉሩን ነቅላ ትመጣለች። አዋቂውም "አንበሳ ያለማመድሽ ባልሽን እንዴት ያቅትሻል?" ብሎ ይሸኛታል። ከዚህ ተረት ተምረን እንድንወጣ የሚጠበቅብን ትዕግሥትን ነው። ጎበዝ፣ ሴትዮዋ እኮ አንበሳ አለማምዳለች! መሃሉ ላይ እንዲህ ያለ ጉድ ሠርታ፣ መጨረሻው ላይ ወደዚያው ቤት ተመልሰሽ ታገሺ ተባለች።

እንግዲህ የኔ መለኪያ ከዚህ የመጣ ነው። ለሴት ልጅ መጽሐፍ ስመርጥ ጀግናዋ ጎራዴ ትያዝ፣ ቀስት ትወርውር፣ ወይም በየገጹ ወንድ ታሸንፍ አልልም። መሃሉን ነው የማየው። ልጅቷ ምን ትፈልጋለች? ስትወስን ምንን ከምን መዘነች? ምን ከፈለች? በማግስቱ ጠዋት ተነስታ ምን አደረገች? ይህን የሚነግረን መጽሐፍ መጨረሻው ሐዘን ቢሆን እንኳ ለልጅቷ ስንቅ ይሆናታል። ይህን የማይነግር መጽሐፍ ግን ጀግናዋ አገር ብትገዛም ፖስተር ነው።

ጉዳዩ የንባብ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስረዘምኩት። የምዕራብ ሐረርጌ ልጆች ታውቁታላችሁ። ታህሪብ እንለዋለን። ጅቡቲ ተገብቶ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ባሕሩ ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ። ከየክፍላችን ዴስኩ ባዶ የቀረ ልጅ አለ። ደላላው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው። ልብ ብላችሁ ከሰማችሁት ታሪኩ ውስጥ ጀግና ሴት አለች። "የእገሌ ልጅ ሁለት ዓመት ሠርታ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች፣ ለወንድሟ ባጃጅ ገዛችለት።" ይህቺ ልጅ ራሷ የወሰነች፣ ሩቅ የሄደች፣ ቤተሰቧን ያኮራች ናት። ከዚህ በላይ ጠንካራ ሴት ከየት ይምጣ?

ችግሩ ታሪኩ መሃል የለውም። ከቤት ተነስቶ ቆርቆሮው ላይ ያርፋል። በረሃው የት ገባ? ጀልባውስ? ፓስፖርቷን የቀማት ሰው፣ ደመወዝ ያልተከፈለችበት ወር፣ የሰው ቤት ሌሊቱስ? ሠርተው የተመለሱ፣ እውነትም ቤት የሠሩ አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ይህን እያነበባችሁ ነው። ነገር ግን መሃሉ ያልተነገራት የ15 ዓመት ልጅ ወሰነች አይባልም። ሌላ ሰው ወሰነላት ነው የሚባለው።

ለጋብቻ የሚመጣው ታሪክም ከዚህ አይሻልም። ሠርግ ላይ ይጀምርና እዚያው ሠርግ ላይ ያልቃል። ሕጉ አለን። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፣ የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻንና ጠለፋን ይቀጣል። ሕግ ግን ወረዳ ቢሮ ነው ያለው፣ ታሪክ ከልጅቷ ጋር አብሮ ያድራል። መጽሐፍ ስላልሰጠናት ልጅቷ ታሪክ ሳትሰማ አትቀርም። ከደላላው፣ ከአማላጁ፣ ከቃና ቲቪ ትርጉም ድራማ፣ ከቲክቶክ ትሰማለች። የኛ ድርሻ መሃል ያለው ታሪክ ቀድሞ እንዲደርሳት ማድረግ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ መጽሐፎቹ።

ፍቅር እስከ መቃብር። "ይህማ የታወቀ ነው" እንዳትሉኝ። ብዙዎቻችን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተነዋል፤ የዛሬ ልጆች ግን ስሙን እንጂ መጽሐፉን አያውቁትም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ በፍቅሩ ነው የሚወደሰው። እኔ የምሰጠው ግን ለሰብለ ወንጌል ብዬ ነው። የፊታውራሪ ልጅ ሆና፣ አባቷ ለዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡላት ዕድሜዋ እየሄደ፣ በመጨረሻ ያንን ሁሉ ግቢና አጃቢ ትታ በእግሯ የወጣች ሴት ናት።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከሰዓት እናቷን ተክታ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ የግመል ወተት ትሸጣለች። አንዱ አውቶቡስ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ታነባለች። ያዋስኳት መጽሐፍ ሲመለስ የታጠነ የወተት ዕቃ ይሸት ነበር። ጨርሳ የመጣች ዕለት ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን ተናዳለች። "ቲቸር፣ ለምንድነው የመነኮሰችው? በዛብህ ሞተ እንጂ ያስተማራት ፊደል መች ሞተ? እሷስ ለምን አታስተምርም?"

በዛብህ እኮ እቤቱ የገባው ሰብለን ሊያስተምር ነው። መጽሐፉን ስንት ጊዜ ያነበብን ሰዎች ተሰብስበን ብንቀመጥ ይህ ጥያቄ ከመካከላችን ይነሳ ይሆን? በሚቀጥለው ሳምንት ክፍሉን ሁሉ "ሰብለ ባትመነኩስስ?" ብለው እንዲጽፉ አደረግኩ። አንዷ ጎጃም ውስጥ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተችላት። አንዱ ልጅ ወደ አባቷ ግቢ መልሶ ገባሮቹን ነፃ አስወጣት። አንዷ ደግሞ፣ መቼም የኛ አገር ልጅ አይደለች፣ በባቡር ሚኤሶ ድረስ አምጥታ ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት አስከፈተቻት! ባቡሩ ያኔ ነበር ወይ ብሎ የተከራከረ ቢኖርም ሻይ ቤቱን ሁሉም ወደደው።

የሐዲስ ዓለማየሁ ሐዘን ታስቦበት የተጻፈ ነው። ያ ሥርዓት እንዲህ ላለች ሴት ቦታ እንዳልነበረው ነው የሚያሳየን። ልጅቷ የተናደደችው መጽሐፉ ስለሠራ ነው። እንድትናደድ የሚያደርግ መጽሐፍ ስጧት።

ጦቢያ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ሮም ያሳተሙት፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ። የመጽሐፉ ርዕስ "ልብ ወለድ ታሪክ" ነበር፤ አንባቢ ግን በጀግናዋ ስም ጦቢያ ብሎ ነው የሚጠራው። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ወንድ መስላ ለብሳ ከአባቷ ጋር አገር ለአገር የምትዞር ልጅ ናት። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀመር መንገድ የወጣችው ሴት ልጅ መሆኗን ለሴቶች ልጆቻችን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል? አማርኛው የጥንት ነውና ብቻዋን አትተዋት፤ ማታ ማታ እየጮኻችሁ አንብቡላት።

የአና ማስታወሻ። አዳም ረታ ነው ወደ አማርኛ የመለሰው። ልብ ወለድ አይደለም፣ የአና ፍራንክ የእውነት ማስታወሻ ነው፤ ከብዙ ልብ ወለድ ይልቅ ግን ለታዳጊ ይቀርባል። አና ደብተሩን ያገኘችው 13 ዓመት ሲሞላት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1942። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ከናዚዎች ሸሽቶ አምስተርዳም ውስጥ ተደበቀ፣ በነሐሴ 1944 እስኪያዙ ድረስም ከዚያ አልወጡም። በማስታወሻው ውስጥ ከእናቷ ጋር ትጣላለች፣ ምግቡ ይሰለቻታል፣ ሰውነቷ ሲለወጥ ትገረማለች፣ ጸሐፊ እሆናለሁ ትላለች። መጨረሻዋን እሷ አልጻፈችውም። ከመያዟ ጥቂት ቀናት በፊት ማስታወሻው ይቋረጣል። ስለዚህ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር መሃል ነው። ለ13 ዓመት ልጅ አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ከእሱ ጋር አንድ ባዶ ደብተርና እስክሪብቶ ጨምሩላት።

ነገም ሌላ ቀን ነው። የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተርጉሞት፣ ጽሑፉ ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤት እንደወጣ ታውቃላችሁ። ጀግናዋ ስካርሌት ኦሃራ ጨዋ አይደለችም። ትዋሻለች፣ ትቀናለች፣ የሰው እጮኛ ትነጥቃለች፤ ግን ጦርነት ቤቷን ሲያወድመው ቤተሰቡን የምታበላ እሷ ናት። ልጆች ጥፋት የሌለባት ጀግና ብቻ ካነበቡ እኔ ጀግና መሆን አልችልም ብለው ያስባሉ፤ ስለዚህ ስካርሌትም ታስፈልጋለች። ከ16 ዓመት በላይ ላሉት ግን ይሁን፤ አብራችሁም አውሩበት። ምክንያቱም የስካርሌት ቤት የቆመው በባሮች ጉልበት ነው፤ መጽሐፉም ያንን ዘመን በናፍቆት ያየዋል።

ለዚህ ነው ከስካርሌት ጎን አንዲት የራሳችንን ልጅ የማስቀምጠው። አስቴር ጋንኖ ትባላለች፤ ኦሮሞ ናት። በልጅነቷ ተይዛ ለባርነት ተሸጠች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ መርከቡን ጣሊያኖች ያዙት፤ እሷም ምጽዋ አካባቢ ወደሚገኝ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር እየሠራች፣ ከቃል የሰበሰበቻቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎች የያዘ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀች። በ1894 እ.ኤ.አ. ታተመ። እስቲ መሃሉን አስቡት። ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ በሰው አገር ቁጭ ብላ የእናቷን ቤት ተረት ከትዝታ እያወጣች ትጽፋለች! ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ "ባሪያ የነበረችዋ ናት መጽሐፉን የጻፈችው?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አዎ፣ እሷ ናት። ስሟ ግን ከኦነሲሞስ ስም ኋላ ቀርቶ ኖረ። ኦሮምኛ የምትጽፉ ልጆቼ፣ የአስቴርን ልጅነት ለ14 ዓመት አንባቢ የሚሆን ልብ ወለድ አድርጋችሁ ጻፉልኝ። ጉዳዩ ከእጃችሁ ነው።

ማማ በሰማይ። የሕይወት ተፈራ ትዝታ ነው። ሐረር ያደገች ልጅ አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ከዚያ ትግሉ፣ ፍቅሩ፣ እስሩ። ለአሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ ልትገቡ ለተዘጋጃችሁ። እዚህ ያለችው ልጅ ሌሎች ሲወስኑ እየተከተለች ትጀምርና ቀስ በቀስ በራሷ ጭንቅላት ማሰብ ትማራለች። ያ ለውጥ የሚታየው መሃሉ ላይ ነው፣ በአንድ ጀምበርም አይመጣም።

ውጭ አገር ያላችሁና ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ የሚያነቡ፣ የመዓዛ መንግሥቴን "ዘ ሻዶው ኪንግ" ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር የደረሰ ነው። ሂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወታደር ስትሆን ታያላችሁ። ጠንከር ያሉ ትዕይንቶች ስላሉት ከ17 በታች አልመክርም።

ማንበብ ገና ላልጠነከሩት ታናናሾች ደግሞ "ጥበብ ገርልስ" የተባለው የኛው አገር ካርቱን አለ። ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና መሰል ነገሮችን ይጋፈጣሉ። በ2005 ዓ.ም. የጀመረውን "የኛ" የሬዲዮ ድራማና አምስቱን ልጆች የምታስታውሱም ብዙ ናችሁ። ከፊልም "ድፍረት"ን እጨምራለሁ። አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች፣ ስታመልጥም ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ የእውነት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጥይቷ ነው። እኔ ልጆች እንዲያዩ የምፈልገው ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለስ ነው። ፋይል፣ ቀጠሮ፣ ክርክር። ጀግንነት ብዙውን ጊዜ እንዲያ ነው የሚመስለው።

ከመጽሐፎቹ እኩል የሚያሳስበኝ አነባበቡ ነው። ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ አንብባ ስትጨርስ "ምን ትምህርት አገኘሽበት?" አትበሏት። ይህ ጥያቄ ልጅን ከመጽሐፍ የሚያባርር የፈተና ጥያቄ ነው። "የት ላይ ተናደድሽ?" በሏት። "አንቺ ብትሆኚ እዚያ ጋ ምን ታደርጊ ነበር?" በሏት። መልሷን ሰምታችሁ ምክር አትጨምሩበት። ዝም በሉ፣ ሌላ ቡና ቅዱ።

ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ቋንቋ አውሩበት። አማርኛውን ታንብብ፣ ጭውውቱ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ይሁን። እናቷ ማንበብ ባትችልም ትሰማለች፣ ትከራከራለች። ከላይ ያልኳችሁ የግመል ወተት ሻጯ ልጅ ሰብለን ለእናቷ በሶማሊኛ ስትተርክላት ከርማለች። እናትየዋ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ ከሰላምታ ቀጥላ የጠየቀችኝ "ያ አባቷ ግን ምን ሆነ?" ብላ ነው። እኔን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ለወንዶቹም ስጡ። ወንድሟ አናን ካላነበበ፣ አባቷ ጦቢያን ካልሰማ፣ ልጅቷ ያነበበችውን የምትኖርበት ቤት ከየት ታመጣለች? ክፍሌ ውስጥ ሰብለን ገባር ነፃ ያስወጣት ወንድ ልጅ መሆኑን አትርሱ።

"ቲቸር፣ መጽሐፉ ግን የት ይገኛል?" ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። በአካባቢያችን መጽሐፍ መደብር መፈለግ ዝናብ በጥር መጠበቅ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ አልመርቅላችሁም፤ ደራሲና ተርጓሚ የሚበላው ከእሱ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ግን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አንድ ገዝታችሁ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ለአውቶቡስ ረዳት መስጠት ትችላላችሁ። ጫትና ሽንኩርት የሚያደርስ መኪና መጽሐፍ አያቅተውም። ኬንያ ጋሪሳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ መጽሐፍ በግመል ጭነው ለአርብቶ አደር ልጆች ያደርሱ ነበር። እኛም ሐዋሳ ላይ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአህያ የሚሳብ ቤተ መጻሕፍት አሳይቶናል። ሚኤሶ ላይ መቼም ግመል አይጠፋም።

ሚኤሶን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በመስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሲሄድ ቆም ይላል፣ ወተት ይጠጣል፣ ሙቀቱን ይራገማል፣ ያልፋል። አዲሱ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ እንኳ አንዱ የቻይና ተቋራጭ ከሰበታ ጀምሮ እኛ ጋ ሲጨርስ፣ ሌላው ከኛ ጀምሮ ወደ ደወሌ ቀጠለ። መነሻም መድረሻም አልሆንንም። ግን በዚያ ቦታ፣ በሁለት አውቶቡስ መካከል፣ መጽሐፍ ይዘው የተቀመጡ ሴቶች ልጆች አሉ። እነሱ መንገደኛውን ሁሉ እያዩ ወዴት እንደሚሄዱ ያስባሉ። ለመሄድም ለመቅረትም መሃሉን ማወቅ አለባቸው።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። አንዳችሁ በዚያ በኩል ስታልፉ አንድ መጽሐፍ ያዙ። የአና ማስታወሻ ተደራቢ ያላችሁ፣ ወይም ለታዳጊ የሚሆን ጥሩ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ልብ ወለድ የምታውቁ፣ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ታህሪብ ሄዳችሁ የተመለሳችሁ ደግሞ፣ ከፈለጋችሁ ስማችሁን ሳትጽፉ፣ መሃሉን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። መስከረም ሳይጠባ አሰባስቤ ለተማሪዎቹ አደርሳለሁ። ያነበበች ልጅ ተናዳ ከጠየቀችኝም ጥያቄዋን እዚሁ እለጥፍላችኋለሁ፤ መልሱን አብረን እንፈልጋለን።

ሰላም ዋሉ።